የአቶ መሳፈሪያ አሥራ ሁለተኛ እናት

መናኸሪያ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ አቶ መሳፈሪያ አለው። ከተማው ውሃ ላይኖረው ይችላል፤ መብራቱም በሳምንት አራት ቀን ይጠፋ ይሆናል፤ አቶ መሳፈሪያ ግን አይጠፋም። ኮት ይለብሳል፤ ኮቱም የተተኮሰ ነው። በብብቱ ትልቅ ፖስታ ሸጉጧል። ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ያየው ሁሉ ግን የሐኪም ወረቀት ነው ብሎ ያምናል። ቀስ ብሎ ይጠጋችኋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ በረጋ ድምፅ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ ልመና አይደለም፤ ችግር ነው።»

ችግሩ ይታወቃል። ሻንጣው ተሰርቋል። እናቱ በሞትና በሕይወት መካከል ናት። ለመሳፈሪያ የጎደለችው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ናት፤ እምቢ ያለ ሰው ለራሱ እስኪያፍር ድረስ ትንሽ።

የኛን ክቡር አቶ መሳፈሪያ እኔ በግሌ ሁለት ጊዜ ረድቼዋለሁ። መጀመሪያ እናቱ ሞታ ለቀብር ሲሄድ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ያችው እናቱ በጠና ታማ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆኑ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው።

ሙያው እንደማንኛውም ሙያ ሕግ አለው። አንደኛው ሕግ፣ እናት የምትኖረው ሁልጊዜ በአውቶብሱ ግንባር ላይ በተጻፈው ከተማ ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቀና ብለው ጽሑፉን ያነባሉ። ሁለተኛው ሕግ፣ ማልቀስ ክልክል ነው፤ የሚያለቅሰው ሰጪው ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ሕግ ግን አለመሳፈር ነው። አቶ መሳፈሪያ ተሳፍሮ አያውቅም። አንድ ከተማ ሲነቃበት በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ማንም አይሸኘው፣ ማንም አይቀበለው። በዚህ ዓይነት በአሥራ አንድ ዓመት አሥራ አንድ እናቶችን ጨርሷል። ኋላ እንደነገረኝ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ከሰጡት ሰዎች አንድም እንኳ «ደረስክ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ይህ ሁሉ የተበላሸው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰነድ ላደርስ ሦስት ሰዓት ወደምትርቅ ትንሽ ከተማ እየሄድኩ ነበር። አውቶብሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ክቡርነታቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ቀና ብለው ጽሑፉን አነበቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ልመና አይደለም፤ ችግር ነው። እናቴ እዚያው እናንተ የምትሄዱበት ከተማ ልትሞትብኝ ነው። ዓይኗን ሳላይ...»

ምስኪን፣ ያላወቀው ነገር ነበር። ሹፌሩ፣ ያ በር የሚያክል ሰውዬ፣ እናቱ እሱ መንገድ ላይ ሳለ ሞታበት ከቀበራት ገና ሳምንቱ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ክንዱን ያዘው።

«ግባ።»

«አይ፣ መሳፈሪያዋን ብቻ ከረዳችሁኝ በሚቀጥለው...»

«መሳፈሪያ አትከፍልም። ግባ። እኔ አልደረስኩም፤ አንተ ትደርሳለህ።»

ሰውዬው ወደኋላ ሊል ሞከረ። ተሳፋሪው ሁሉ ግን ተነሥቶ ነበር። አንዷ መሐረብ ታቀብለዋለች፤ አንዱ ቦታ ይለቅለታል፤ ከኋላ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትደርስባታለህ» የሚል ድምፅ ይመጣል። በሩ ተዘጋ። አቶ መሳፈሪያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈረ። ከሹፌሩ ጀርባ፣ አንደኛ ወንበር ላይ፣ ፖስታውን አቅፎ። ከኋላው ተቀምጬ ማጅራቱ በላብ ሲርስ አየው ነበር። ወጥመድ ውስጥ የገባች አይጥ እንኳ እንደሱ አትቀመጥም።

ሹፌሩ ነዳው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መጥረጊያው ዝናቡን አይችለውም፣ እሱ ግን እንደ አምቡላንስ ይበራል። «አይዞህ፣ እናደርስሃለን» ይላል በየመታጠፊያው። በታጠፈ ቁጥር አውቶብሱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፤ ማንም አያማርርም። አርባ ሰው አንዲት የማትኖር እናት እንዳትሞት ትንፋሹን ይዟል።

እኔ ግን አልቻልኩም። ጥቂት መጻሕፍት ያነበበ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ እውነትን ከሱ በቀር ጠባቂ የሌላት ይመስለዋል። አንድ ሰዓት ያህል ቻልኩ። አንዲት ሴትዮ ለልጆቿ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ስትሰጠው ግን ብድግ አልኩ።

«ይቅርታ፣ ወገኖቼ» አልኩ። «የዚህ ሰው እናት ባለፈው ዓመት ተቀብራለች። ለቀብሯ ካዋጡት አንዱ እኔ ነኝ።»

ፍሬኑ ጮኸ። አውቶብሱ ቤትም ዛፍም በሌለበት ዳገት ላይ ቆመ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ እንዳለ ዞረ።

«እውነት ነው?»

አቶ መሳፈሪያ አፉን ከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ያልከዳው ምላሱ ከዳው። የሹፌሩን ዓይን አይቶ መዋሸት አቃተው፤ እውነቱን መናገርም አልለመደበትም።

ሹፌሩ በሩን ከፈተ። «ውረድ» አለ ቀስ ብሎ። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ሰውዬው ተነሣ። ዳቦውን ለሴትዮዋ መለሰላት። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሲያሳርፍ ከሦስተኛው ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ።

«በሩን ዝጋው፤ ብርድ ገባ። ልጁን እኔ ነኝ ያዋለድኩት።»

ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የምንሄድባት ከተማ አዋላጅ መሆናቸውን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደሳቸው ሲዞር ነው። አርባ ዓመት አዋልደዋል፤ አውቶብሱ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹን መጀመሪያ የነካው የሳቸው እጅ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል?» አለ ሹፌሩ።

«አንተን የማውቅህን ያህል አውቀዋለሁ። አንተ በእግርህ ነው የመጣኸው፤ እናትህንም እኔንም አሳራችንን አሳይተኸናል። እሱ ግን እንደ ሰው በጭንቅላቱ ነው የመጣው።»

ከኋላ ሳቅ አመለጠ። እኔ አልተሸነፍኩም። «የተቀበረችውስ ማን ናት?»

«ያሳደገችው አክስቱ።»

«እናቱስ? ስሟ ማን ይባላል?»

አዋላጅዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው።

«በኔ እጅ አልተወለድክም። ስለዚህ አይመለከትህም። የሴት ምጥ በአውቶብስ አይወራም፤ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። አውቶብሱ ሳቀብኝ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ፤ ፊቱን በእጅጌው ጠራረገና ማርሽ አስገባ። ጉዞው ቀጠለ።

አቶ መሳፈሪያ ስለዚያች ደቂቃ ኋላ ሲያወራኝ እንደ ሙያተኛ ነበር። «ውሸታቸው እኮ የጀማሪ ነው» አለኝ። «አክስት የሚባል ነገር የሚጠራው መሸሻ ሲጠፋ ነው። ግን ማን ይጠይቃቸዋል? እኔ ለአንዲት ውሸት ኮት እተኩሳለሁ፣ ፖስታ እይዛለሁ፣ ድምፅ እሞርዳለሁ። እሳቸው አርባ ዓመት እውነት ሲናገሩ ያጠራቀሙትን አመኔታ አውጥተው በአንድ ጊዜ በኔ ላይ ጨረሱት። ሳላውቃቸው፣ ሳያውቁኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም። ራሱ የነገረኝ ስለሆነ ግማሹን መቀነስ ይቻላል፤ አዋላጅዋ ግን መጨመር እንጂ መቀነስ የለበትም ይላሉ።

ከአውቶብስ እንደወረዱ ቦርሳቸውን አሸከሙትና ወደ ሰፈራቸው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ሄደው «ለምን?» አላቸው።

«ዝናብ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ደግሞ የጫማህን ሶል አይቼዋለሁ» አሉት። «አሁን ግን ሌላ ጣጣ አለብን። ሹፌሩ ነገ ጠዋት እናትህን ሊጠይቅ ይመጣል። ብርቱካን እገዛለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ። እናት ያስፈልገናል።»

«እርስዎ...»

«እኔማ አዋላጅ ነኝ ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ሁለቱንም መሆን አይቻልም።»

በመንገዱ መጨረሻ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። በደህናው ዘመን የስልክ ቤቱ ስልከኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የከተማውን ወሬ በጆሯቸው አገናኝተዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባልም ልጅም የላቸውም፤ በስውር ወልደው ነበር ቢባል ግን አዋላጅዋን የሚያስተባብል የለም። አዋላጅዋ ጠዋትና ማታ እየሄዱ ያገላብጧቸዋል፤ ያጥቧቸዋል። የአዋላጅዋ ወገብ ግን ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ጀምሯል።

«ልጅ አመጣሁልሽ» አሉ አዋላጅዋ በሩን ገፋ አድርገው።

«በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ ስልከኛዋ ከአልጋው። «ስንት ኪሎ ነው?»

«ጢም አለው።»

«እንዲያ ከሆነ ዘግይቷል። ና እስቲ፣ ትራሴን ቀና አድርገው።»

ትራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አዙረኝ አሉት፤ አዞራቸው። አንዲት ሴት እንዲህ ልትቀል እንደምትችል አያውቅም ነበር። አሥራ አንድ እናቶችን ሲያሳምም ኖሮ፣ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚነሣ አያውቅም። ስልከኛዋ አስተማሩት፤ «በብብቴ ሥር፤ እንደ ጆንያ አትጎትተኝ፤ እንደዚያ፤ ጎሽ።»

ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ጎሕ ሲቀድ መጥፋት። ሲነጋ ኮቱን ለበሰ፤ ፖስታውን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ የጓሮውን በር ከፈተ። አንድ እግሩ ውጭ ነበር። የፊተኛው በር ተንኳኳ፤ ሹፌሩ ቤቱን ከአዋላጅዋ ጠይቆ፣ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ።

ሹፌሩ አልጋው አጠገብ በርከክ አለ። እንኳን ተረፉ ሊል ነው የመጣው፤ ግን ገና «እማማ» እንዳለ ድምፁ ተሰበረ። ያ በር የሚያክል ሰው ፊቱን አንሶላው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ስልከኛዋ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያለቅስ በጆሮ የሰሙ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፀጉሩን ዳሰሱት።

«ደርሰሃል ልጄ» አሉት። «ይኸው ደርሰሃል።»

አቶ መሳፈሪያ የጓሮው በር ላይ ሆኖ ይህን አየ። የወጣችውን እግሩን አስገባ። በሩን ዘጋ። ኮቱን አውልቆ ብርቱካን ለመላጥ ቢላ ፈለገ።

እኔ ያችን ከተማ የረገጥኩት ከሰባት ወር በኋላ ሌላ ሰነድ ይዤ ነው። ሰውዬው እዚያው መቅረቱን ስሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፤ የታመመች አሮጊት እያታለለ ነው። እውነት አሁንም ከኔ በቀር ጠባቂ አልነበራትም። ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። እሱ ጓሮ ቧንቧው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ልብስ ያጥባል፤ አላየኝም። ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

«እማማ፣ ስለዚህ ሰው የምነግርዎት ነገር አለ።»

«አውቶብሱ ላይ የተናገርከው አንተ ነህ» አሉ። «ድምፅህን ሳልሰማው በወሬ አውቀዋለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«ውሸታም ነው ልትለኝ ነው የመጣኸው። ነግሮኛል። ሦስት ቀን ፈጀበት። የመጀመሪያዋን እናቱን፣ ሁለተኛዋን፣ የምታስነጥሰዋን፣ ባሕር የወሰዳትን፤ ሁሉንም። ጎኔን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት። አንተን የዋሸህንም ሁለቱን ነግሮኛል። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ውሸት በጆሮዬ ሲያልፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሽቦው ውስጥ እያለች ነው የምለያት። ከነገረኝ ሁሉ አንዲት ውሸት ብቻ ነው ያገኘሁበት።»

«የትኛዋ?»

«‹ሰው የለኝም› ያለው።»

ይህን እንዳሉ የጓሮው በር ተከፈተ። አቶ መሳፈሪያ የረጠበ አንሶላ በሳፋ ተሸክሞ ገባ። አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሳፋውን አላስቀመጠም፤ ወዴት እንደሚወጣ ግን ዓይኑ በሩን ለካ። ያን ጊዜ የፊተኛው በር ተንኳኳና ሹፌሩ ከከተማ የገዛውን መድኃኒት ይዞ ገባ። ስልከኛዋን ሳመ። ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«አንተን የት ነው የማውቅህ? ያን ጊዜ አውቶብሱ ውስጥ የከሰስከው አይደለህም?»

«ነኝ» አልኩ።

ከሳፋው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። የሰውዬው እጆች በሳሙና ተልጠው ቀልተዋል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግን እየሰሙ ነው።

«የአጎቱ ልጅ ነኝ» አልኩ። «ያኔ ተጣልተን ነበር። አሁን ልታረቀው ነው የመጣሁት።»

ሹፌሩ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታኝ፤ ለሳምንት የሚያመኝ ዓይነት ምት ነው። «እንዲያ በለኝ። ዘመድ ነው እንዲህ የሚያዋርድ።»

«የአጎት ልጅ ከሆነ ምን ይጎለታል?» አሉ ስልከኛዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንዱን ጫፍ ይያዝለት።»

ጓሮ ወጣን። አንሶላውን አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ ጀመርን። ውኃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ጥቂት ጠመዘዘና ሹፌሩ እንዳይሰማው ወደኔ ጎንበስ አለ።

«ደህና ነበር» አለኝ። «ግን ትንሽ ፈጠንክ።»