በኦንላይን ስብሰባ ላይ «ኖር!» ብዬ የተነሣሁ ዕለት

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «ይህ ሽማግሌ ደግሞ ውሸቱን ጀመረው» ትላላችሁ። ግን ምስክር ሞልቷል። ችግሩም እሱ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤታችን አዲስ ደንብ አረቀቀ። ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው የኮብልስቶን ዳገት ባጃጅ እንዳይወጣ። መንገዱ ጠበበ፣ ጥሩምባው በሽተኛ ረበሸ ተብሎ ነው። ነዋሪውም ተገልጋዩም ባለበት ሆኖ በስልኩ ይሰብሰብ፣ አስተያየቱንም ይስጥ ተባለ።

በስልክ! ማርቆስ ከተማ ላይ!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግን ባለቤቴ ሙሉ ወድቃ እግሯ ቆስሏል። ቁስሏን ለማሳጠብ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። እስካሁን ባጃጁ በሩ ድረስ ያደርሳታል። ደንቡ ከጸደቀ ያን ዳገት በምኗ ትወጣዋለች?

«ለሰው ሁሉ ትናገር የለም እንዴ? ዛሬ ደግሞ ለእኔ ተናገርልኝ» አለችኝ።

ሙሉ ለምና አታውቅም። አንጀቴን በላችው።

ንግግሬን በቃሌ አጠናሁ። ኮቴን ለበስኩ፣ ነጭ ጋቢዬን ደረብኩ። ከወገቤ በታች ግን... ሱሪዬ ታጥቦ በዚህ ዝናብ አልደረቀም። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ። የልጄን ፒጃማ ሱሪ አጠለቅኩ። ሮዝ ነው። አበባ አበባ አለበት።

ስልኩ የሚያሳየው ፊት ብቻ አይደል? እንዲያ መስሎኝ ነው!

ልጄ ሊንኩን ከፍታ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋልኝ፣ «አባዬ፣ ምንም እንዳትነካ» ብላ ሥራዋ ሄደች። እውነቴን ነው፣ ምንም አልነካሁም። ጥፋቴ ሌላ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። አንዱ ከሱቁ፣ አንዷ ከቢሮዋ፣ አንዱ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ እንዳለ። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በመዳፍ ልክ መስታወት ውስጥ!

በዚህ መሃል የሰፈራችን መሪጌታ ገቡ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ነው። ሳላስበው ብድግ!

«ኖር!»

«በእግዜር!» አሉ መሪጌታ ከስልኩ ውስጥ። ምን ያድርጉ? እሳቸውም ያደጉት እንደኔው ነው።

ተቀመጥኩ። ኔትወርኩ መሪጌታን ጣላቸው። እንደገና ገቡ።

«ኖር!»

አሁንም ጣላቸው። አሁንም ገቡ። አሁንም ተነሣሁ! አንዴ ቁጭ ብዬ ላሳልፋቸው አስቤ ነበር፤ ግን ካሜራው ያየኛል። ሰው እያየ እንዴት ቁጭ እላለሁ?

ሰብሳቢዋ ወጣት ናት፤ በትሕትና «አባባ፣ ግድ የለም፣ ይቀመጡ፤ እዚህ መነሣት የለም» አለች።

ልቀመጥ ስል ጉልበቴ መሃል ላይ ቀጥ አለ። አልወርድ፣ አልወጣ! መስኮቱን ይዤ «ወይ አምላኬ» እያልኩ ቀረሁ። ጋቢው ወደቀ። አበባው ታየ!

ሙሉ ከወዲያ ጮኸች፦ «ተቀመጥ አንተ ሰውዬ! የልጅቷን ሱሪ ለብሰህ አገር ትሰበስባለህ?»

ማይኩ ክፍት ነበር። አዎ፣ ሁሉም ሰማ።

የሳቅ ኢሞጂ እንደ ሐምሌ በረዶ ወረደብኝ። ተራዬ ሲደርስ ያጠናሁት ንግግር ከራሴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። አንድ ቃል! አንድ ቃል እንኳ አልወጣኝም። ሙሉን ዞሬ ለማየት ፈራሁ። የተናገርኩላት መሰላችሁ? አዋረድኳት እንጂ!

ያኔ ባለባጃጁ ማይኩን ከፈተ።

«አሁን እኚህን አባት ነው ያን ዳገት በእግርዎ ይውጡ የምትሏቸው?»

ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ኮሜንቱ ይጎርፍ ጀመር። ከአምበር ከተማ አንዲት ሴት «እናቴን የማሳክማት እዚያው ነው፤ ተሸክሜ አልወጣም» ብላ ጻፈች። ሉማሜ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው በድምፅ ደገፋት። አንዷ ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተኝታ «ጥሩምባው በእውነት ያሳብዳል፤ ሳይነፉ ይግቡ» አለች።

እኔ ያልተሰበሰብኩበት ስብሰባ የለም። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እመርቃለሁ፣ ይጨበጨባል፣ እንበተናለን። ከኋላ ያለው ምን እንዳለ ማን ሰምቶት ያውቃል? እዚህ ግን ኋላ የሚባል ወንበር የለም! አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ከእኔ እኩል ታየች፤ እንዲያውም ከእኔ በደንብ ተሰማች።

ቀጥሎ ያየሁትን በምን ቃል ልንገራችሁ?

ሰብሳቢዋ ረቂቁን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። «ባጃጅ መግባት የተከለከለ ነው» የሚለው በዓይናችን ፊት፣ ፊደል በፊደል ተሰረዘ። በቦታው «ሕመምተኛ ወይም አቅመ ደካማ የጫነ ባጃጅ ጥሩምባ ሳይነፋ እስከ በሩ ይገባል» ተብሎ ተጻፈ። ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ይኸው ነው አለች።

ደንብ ሲነበብልኝ ነው የኖርኩት። ሲጻፍ አይቼ አላውቅም! ጸጉሬ ቆመ። የቀረችውን ጸጉር ማለቴ ነው።

ሙሉ እያነከሰች መጥታ ስክሪኑን አየችው። ጽሑፉን በጣቷ ተከተለችው። «ይኼ... የእኔን እግር ነው የሚለው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«እና አንተ ምን ተናገርክ?»

«ምንም።»

«እንዲያማ ከሆነ ደህና ተናገርክ!»

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ የተናገርኩትን የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ሰምቶታል፤ ያሸነፈው ግን ጉልበቴ ነው። ቀጣዩ ረቂቅ ስለ መንገድ መብራት ነው አሉ። ዓይኔም ደህና አይደለም። ምን ትመክሩኛላችሁ፣ አጥንቼ ልግባ ወይስ እዚያው ካሜራው ፊት ከግድግዳ ጋር ልጋጭ?