ግማሹ የተቆረጠ ማስረጃ

በዚህ አገር ያለ ፈቃድ የሚያድግ ነገር ቢኖር ፀጉር ብቻ ነው! ለመቁረጡ ግን... ቆይ፣ ላስረዳችሁ።

ጋሼ ደምሴ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቆርጡኝ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ «የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ካላመጡ ሱቁ ይታሸጋል» ተባሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የስንቱን ራስ ያሳመሩ ሰው! ለተግባር ፈተናው ደግሞ የሚቆረጥ ራስ ይዞ መምጣት የተፈታኙ ግዴታ ነው። ራሱ ማን እንደሆነ ገብቷችኋል አይደል?

በፈተናው ቀን ጋሼ በማሽን በቀኝ በኩል ጀምረው ልክ መሐል አናቴ ላይ ሲደርሱ... መብራት ድርግም! እሳቸው ምንም ሳይደናገጡ ከኪሳቸው መቀስ መዘዙ።

«እኔ በመቀስ ነው የተማርሁ፤ ልጨርሰው።»

«አይቻልም! መመሪያው በማሽን ነው የሚለው» አለ ፈታኙ። «ሰዓትም አልቋል።»

ወደቁ።

በግማሽ ፀጉር ወደ ሌላ ፀጉር ቤት ልሮጥ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «እንዳታስነካው! ማስረጃዬ አንተ ነህ።» እንባቸው ቀርቦ ስለነበር አንጀቴ አልቻለም። የልጄን ምርቃት በሹራብ ኮፍያ ታደምኩ። ሚስቴማ «አብሬህ ፎቶ አልነሳም» ብላ ሸሸችኝ!

በሳምንቱ የክልሉ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የሙያ ፈቃድ አሰጣጡን ሊገመግም መድረክ ጠራ። ጋሼ እኔን አስከትለው ገቡ። ሰብሳቢዋ የፈቃድ ሰጪውን ቢሮ ኃላፊ ጠየቁት።

«ይህን ሁሉ መስፈርት ምን አመጣው?»

«የተገልጋዩን ራስ ከጉዳት ለመጠበቅ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

ጋሼ ተነሡና ኮፍያዬን ብድግ! አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ማነው እንዲህ ያደረገዎት?» አሉኝ ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ጋሼ ቀደሙኝ። «ቀኙን እኔ ቆረጥሁት። ግራውን መመሪያው አስቀረው፣ እመቤቴ።»

ኮሚቴው ነባር ባለሙያዎች በገዛ ሱቃቸው፣ በለመዱት መሣሪያ እንዲፈተኑ፣ እስከዚያም ሱቃቸው እንዳይታሸግ አሳሰበ፤ ኃላፊውም እሺ አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በቀጥታ ሄጄ የጋሼ ወንበር ላይ ጉብ አልኩ።

«በሉ ይጨርሱልኝ!»

«ኧረ በስመ አብ! ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር አፈጻጸሙን ሊያይ ይመለሳል። እስከዚያ ማስረጃ አይነካም። ኮፍያህን አድርግ፣ ልጄ።»

እና በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት፣ ጣና ዳር የሹራብ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ብታዩ አትሳቁበት። ጋሼ ሱቃቸውን ከፍተው እየሠሩ ነው፣ ተመስገን። የግራው ፀጉሬም ማንንም ሳያስፈቅድ እያደገ ነው።