ከነላስቲኩ የተቀመጠው ነፍስ አድን

አዲስ ዕቃ ገዝቶ ከላስቲኩ የማያወጣ ሰው አታውቁም? ሶፋው ላይ ስትቀመጡ ይንኮሻኮሻል፤ ሪሞቱ ከነላስቲኩ አርጅቷል። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ናቸው። ይህ ጠባይ ሐይቅ ድረስ ይከተለናል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ባለፈው ወር ከእሳቸው ጋር፣ ዋይሊ ከሚባል ስፍራ አጠገብ ባለ ሐይቅ ላይ፣ ካያክ የምትባለውን ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ ልንቀዝፍ ሄድን። ለካያክ የሚያዝ አንድ ከረጢት አለ፤ ሰው ተገልብጦ ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ከረጢቱን ነፍቶ መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ያስርና በእሱ ተደግፎ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ከመቀመጫዎ ኋላ ካያኩ ላይ ከተወጠረው ገመድ ሥር ጥብቅ አድርገው ይሸጉጡት» አልኳቸው። «ማዕበል እንዳይወስደው፣ ውሃ ውስጥ ሆነውም በአንድ እጅ እንዲደርሱበት።»

«ኦኬ ልጄ፣ ግን ይቆሽሻል!» አሉና ከነላስቲኩ ከኋላ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከደኑበት።

መሃል ሐይቅ ላይ ነፋስ ገለበጣቸው። ላይፍ ጃኬታቸው ቢያንሳፍፋቸውም ካያኩን የያዘው ክንዳቸው መዛል ጀመረ። ተጠግቼ ካያኩን አቃናሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ላስቲኩን በጥርሴ ነከስኩ።

«ቀስ!» ብለው ጮኹ፣ እስከ አገጫቸው ውሃ ውስጥ ሆነው። «ቀስ በል እንጂ፣ እንዳትቀደው!»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ቀደድኩት። ከረጢቱን ነፍቼ አሰርኩላቸው፤ በሦስተኛው ሙከራ እያለከለኩ ወጡ።

አሁን ከመነሳታችን በፊት ከረጢቱን ራቁቱን ገመዱ ሥር ይሸጉጡና ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እጅ ይደርሱበታል። እኔም እኮራለሁ።

የቀደድኩት ላስቲክስ? በፕላስተር ተጠግኖ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ከኋላው ክዳን ሥር ተቀምጧል።