አያ ሀዳነ፣ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተርጓሚ

ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ በቆሙበት ቦታ ሁሉ መካከላቸው የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። የሾመው የለም፣ የጠራውም የለም፤ ወተት እንደ ፈሰሰበት ቤት ዝንብ ከየትም ይደርሳል። በሰርጉም፣ በለቅሶውም፣ በገበያውም አይታችሁታል። እኛ ጎንደሮች ግን የሁሉንም አውራ ይዘን ነበር፤ ክቡር አያ ሀዳነን፣ ጠበቃ ያልሆነውን ጠበቃ፣ በፍርድ ቤቱ በር ተቀምጦ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ያለ ደመወዝ የሚያስተረጉመውን።

ሌላውን ያስቀው ነበር፤ ከችሎቱ የማልጠፋውን እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጣልያን ሠርቶት በሄደው ቤት ውስጥ የሚያስችሉት ዳኛ አማርኛ ይናገራሉ፤ ከኮሶዬ በእግሩ የመጣው ባላገርም አማርኛ ይናገራል። ታዲያ ምነው አስተርጓሚ አስፈለገ?

ዳኛው ሕግ ተምረው ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው። የሚሹት ሰዓት፣ ሜትርና ዓመተ ምሕረት ነው። ባላገሩ ደግሞ ነገሩን ከቅድመ አያቱ ካልጀመረ የዋሸ ይመስለዋል። ስለ አንድ በሬ ሊናገር ቆሞ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር ዳኛው በብዕራቸው ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ። ያኔ አያ ሀዳነ ከበሩ ሥር ይነሣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ጌታዬ፣ ባጭሩ ሲጨመቅ» ይላል። እንዲህ ካለ በኋላ መቀመጫ መፈለግ ነው።

«ከብት ሲሰማራ» የተባለውን ሁለት ሰዓት ያደርገዋል። «ወንጭፍ የሚደርስበት ያህል» የተባለውን መቶ ሜትር ያደርገዋል። ዳኛው አንድ ቀን መቶውን ከየት አመጣኸው ቢሉት፣ ወንጫፊው ጎልማሳ ስለሆነ ነው፣ ሽማግሌ ቢሆን ሰባ እል ነበር ብሎ መለሰ። ዳኛው ጻፉት።

የዳኛውን ቃል ወደ ባላገሩ የሚያሻግረውም እሱ ነው። አንድ የጠዳ ሰው በሬ በመስረቅ ተከሶ ቀረበና ዳኛው «የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» አሉት። ሰውየው ማተቡን ጨብጦ ተንበረከከ፤ እምነቱንስ በሰይፍ ቢመጡበትም እንደማይክድ ተናገረ። አያ ሀዳነ ጎንበስ ብሎ፣ በሬውን ወስደሃል ወይ ነው የሚሉህ አለው።

«እሱንማ ወስጃለሁ» አለ ሰውየው፣ እፎይ ብሎ።

ቤቱም ቢሄድ አያርፍም። ሚስቱ እናኑ በአጥር ላይ ከጎረቤቷ ጋር ስትጣላ ይደርስና፣ ባጭሩ ሲጨመቅ ዶሮሽን ሰብስቢ ነው የምትልሽ ይላል። «እኔ ዶሮሽን አርደዋለሁ ነው ያልኳት፤ ማን አለዝበው አለህ?» ብላ ጠቡን ወደ እሱ ታዞረዋለች።

ዳኛው ግን ከእናኑ ይልቅ ትዕግሥታቸው ያጠረ ነበር። አንዲት ስሕተት ያገኘሁብህ ቀን ይህን ግቢ አትረግጠውም ብለውታል። አያ ሀዳነም ተሳስቻለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው ነውና ዛቻውን ለሌላ ሰው የተነገረ አስመሰለው።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ትርንጎ የምትባል የኮሶዬ ሴት መጣች። የልጆቿን አባት ርስት የሟቹ ወንድም ክንዱ ያርሰዋል። ክንዱ፣ ወንድሜ በሕይወት ሳለ በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት በሰው ፊት ሰጥቶኛል ብሎ ከማዕዱ የማይለዩ ሁለት ምስክሮች አቁሟል። ያ መሬት ከሄደ ለልጆቿ የሚቀራቸው ድንጋይና ቁልቋል ነው።

ዳኛው፣ ባልሽ መቼ ሞተ አሏት። በዘመነ ሉቃስ፣ በጥምቀት ማግስት አለች። አገሬው ዓመቱን በአራቱ ወንጌላውያን ነው የሚጠራው፤ ማቴዎስ ይሄዳል፣ ማርቆስ ይመጣል፣ ሉቃስና ዮሐንስ ይከተላሉ፣ እንደገና ማቴዎስ ይመለሳል። ዳኛው ብዕራቸውን አንኳኩ። አያ ሀዳነ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ባጭሩ ሲጨመቅ፣ አምና ነው፤ በሃምሳ አምስት።»

ዳኛው ጻፉ። ሉቃስ በየአራት ዓመቱ እንደሚመለስ እሳቸውም ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ቁጥር ከተነገራቸው በኋላ ግን የሚያውቁትን መጠየቅ ትተዋል። ትርንጎም ቁጥሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ራሷን ነቀነቀች። ክንዱ ያውቅ ነበር፤ ጢሙን ዳበሰ። ባልየው የሞተው አምና ከሆነ በሃምሳ ሦስት በሕይወት አለ፤ መስጠትም ይችላል። ፍርዱ ከምሳ በኋላ ይነገራል ተባለ።

በምሳ ሰዓት ትርንጎ ከግንቡ ጥግ ተቀምጣ ከአያ ሀዳነ ጋር ቆሎ ተካፈለች። ሸጋ አድርገህ ተናገርክልኝ ብላ መረቀችው። ከዚያ ወሬ ወሬን እየሳበው፣ ከሐዘኗ ወጥታ ሌላ ባል አግብታ እንደነበር፣ እሱ ደግሞ ሰነፍ ሆኖ ሁለት ክረምት አብራው ከርማ እንደፈታችው ነገረችው።

የአያ ሀዳነ ቆሎ አፉ ውስጥ ቀረ። ባሏ የሞተባት አምና ጥር፣ ሌላውን ያገባችው መቼ፣ ሁለቱ ክረምት የትኞቹ? ሉቃሱ የአምናው አልነበረም፤ የፊተኛው ነበር፣ የሃምሳ አንዱ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ የበሩ ቦታ የሱ እንደሆነ ይቀራል። ዓይኑን በበሩ ሥር ወዳለችው፣ ሲቀመጥባት ወደ ለሰለሰችው ድንጋይ ጣለ። ከዚያ የትርንጎን እጅ አየ፤ የቀረችውን ቆሎ ወደ እሱ እየገፋች ነበር።

ችሎቱ ሲከፈት ማንም ሳይጠራው መሐል ገባ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሴትዮዋ ሉቃስ ብቻ ነው ያለችው። አምና ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው የጻፉትን ሰረዙ። ከዚያ በጣታቸው በሩን አሳዩት። አያ ሀዳነ ጋቢውን ሰብስቦ ሲወጣ ትርንጎ ደነገጠች።

«ምነው ጌታዬ? እሱን ካወጡት የኔን ቃል ማን ያደርስልኛል?»

ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ፤ ሳያንኳኩ መልሰው አስቀመጡት። «አንቺው ንገሪኝ» አሉ።

ነገረቻቸው፤ በጣቷ እያጠፈች። ከባሏ ሞት ወዲህ ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ አልፈዋል፤ ይኸው ተመልሰን ዮሐንስ ላይ ነን። ክንዱ ተሰጠኝ የሚለው በመሐሉ ማቴዎስ ነው፤ ያኔ ባሏ መቃብር ከገባ ሁለት ክረምት ዘንቦበታል። ዳኛው ከጠረጴዛው ሥር በራሳቸው ጣት አብረው ሲያጥፉ አይቻቸዋለሁ። የቀበሩት ቄስ ተጠርተው ያንኑ መሰከሩ፤ ርስቱ ለልጆቹ ተመለሰ።

በሳምንቱም ከችሎቱ አልቀረሁም። አንድ ሽማግሌ ቆሙና ነገራቸውን ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ። ዳኛው መቼ ነው ቢሏቸው በማርቆስ አሉ። ዳኛው እስከዚያ ቀን ሲያደርጉት ያላየሁትን አደረጉ፤ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ «የፊተኛው ማርቆስ ነው፣ የኋለኛው?» አሉ።

ቀና ስል አያ ሀዳነን ከመስኮቱ ውጭ አየሁት። አፉን ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መልሶ ገጠመው። ስንት ዘመን ዝም በል ስለው የኖርኩ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ድምፁ ናፈቀኝ።