ሰው ያሰጡ ጀልባዎች

ትናንት ሌሊት ሕልሜ ወስዶ ጣና ዳር አወረደኝ። ጀልባዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ፤ ሊሳፈሩበት። ተራዬ ደረሰና ጎንበስ አልኩ። አንዲት ወፍራም ጀልባ ጀርባዬ ላይ ወጥታ፣

«ዘጌ ነህ?» አለችኝ።

«ዘጌ ነኝ፤ ግን ሞልቻለሁ።»

«ጠጋ ጠጋ በል፣ እህቴም አለች።»

ተሸክሜያቸው ገባሁ። ሐይቁ መሐል ገበያ ቆሟል፤ አምባዛዎች ሰው በመረብ እያወጡ ይሻሻጣሉ። አንዱ ክንዴን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ታንኳ ቀዛፊ ዘንድሮ ፈላጊ የለውም፤ ዘመኑ የሳንቃ ነው» አለና ተወኝ። አልተከፋሁም። እኔስ ይህንኑ ብዬ አይደል የደንገል ታንኳዬን ለጎረቤቴ ለአስረስ ሸጬ፣ አናጢው ገበየሁን የሳንቃ ጀልባ ያሠራሁት? የመጀመሪያ ጉዞዬ ለዛሬ ጠዋት ነበር፤ የዘጌ ነጋዴዎች ቃል ገብተውልኛል። ያለችኝ እንጀራ እሷው ናት።

ወዲያው ሐይቁ አናጢ ቤት ሆነ። ጀልባዎች መጋዝና መዶሻ ይዘው ገበየሁን ይሠሩታል። አፍንጫው ተሠርቶ አልቋል፤ አፍ የለውም።

«አፉስ?» አልኩ።

«ባለቤቱ ‹አንተ ሥራ፣ መንዳቱን ለኔ ተው› ብሎታል፤ አፍ ምን ይሠራለታል?» አለች መጋዝ የያዘችው።

እውነቷን ነው፤ ብዬዋለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«ይኸኛውማ ረጥቧል፤ ይሰጣ» ተባባሉና ዋርካ አስደግፈው ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ይህን እንኳ ወደድኩት። ታንኳ ከውኃ ወጥቶ ቆሞ ካልደረቀ ደንገሉ ይበሰብሳል፤ አባቴም ያደርግ የነበረው እንዲሁ ነው። ግን ጎኔ ይሰነጠቅ ጀመር። ፈራሁ። «ገበየሁ፣ ድረስልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ገበየሁ ዓይኑን ብቻ አንከራተተ።

«አያልነህ! ውጣ!»

ነቃሁ። ደጄ ላይ የቆመው ገበየሁ ነው፤ አፉ ተመልሶለታል።

«ጀልባዋን ማነው ፀሐይ ላይ የገተራት?»

«እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አደረቅኋት፤ እንዳትበሰብስ ብዬ።»

«ሳንቃ እኮ ውኃ ካልጠጣ ይላቀቃል! አሁን ከነጋዴዎቹ ጋር ውኃ ብናስገባት እንደ ወንፊት አፈሰሰች!»

«ምነው ሳትነግረኝ!»

«‹መንዳቱን ለኔ ተው› አላልከኝም?»

ጋቢዬን ጣል አድርጌ ሮጥኩ። አዲሷ ጀልባዬ ዳር ላይ እስከ አፏ ውኃ ሞልታ ተቀምጣለች። የዘጌ ነጋዴዎች አልጠበቁኝም፤ ጭነታቸውን ይዘው ታንኳዬ ላይ ወጥተዋል። አስረስ መቅዘፊያዬን ይዞ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላቸዋል።