ለእንግሊዝ ባንድ ያለቀሰው ጎረቤቴ

እናንተዬ፣ ለሩቁ የሚያለቅስ ሰው ለቅርቡ እንዲህ ይጨክናል? ጎረቤቴ መምህር ታምሩ ስለ አንድ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የማያውቀው የለም። ስንቴ ገንኖ ስንቴ እንደወደቀ፣ ዘፋኙ ከጊታሪስቱ ተጣልቶ ስንቴ ጥሎ እንደወጣ በቃሉ ይወጣዋል። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ስልኩን አየና ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እንደገና ተበተኑ! አርባ ዓመት አብረው በልተው በአንድ ቃል ይኮራረፋሉ? እንግሊዝ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?»

ደሜ ፈላ! ይሄ ሰው እኮ ሠርግህ ላይ ከኋላ አስቀመጥከኝ ብሎ ታላቅ ወንድሙን ካኮረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወንድምየው ያለው ደግሞ እዚሁ ቱላ ነው።

«ሽማግሌማ እኛም ነበርን» አልኩት፤ «ልናስታርቃችሁ ሦስት ጊዜ መጥተን ከደጅህ መለስከን!»

ዕንባውን ጠረገና ኮስተር ብሎ አየኝ።

«በሰው የቤተሰብ ጉዳይ ምን አገባህ?»