ጋሽ ተሻገርና የመጨረሻዋ ደቂቃ

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ ከሱቅ ዕቃ መግዛትን እንደ ነውር የሚቆጥር አንድ ሰው አለ። የለም የሚል ካለ ኤሌቬተሩ ጋ ቆሞ ይጠብቅ። በሩ ሲከፈት ውስጡ የሆስፒታል አልጋ፣ ወይም የተጠቀለለ የሆቴል ምንጣፍ፣ ወይም ቁመቱ ሰው የሚያህል የትራፊክ መብራት ይኖራል፤ ከዕቃው ጀርባ ደግሞ ላብ ያጠመቀው ሰው አንገቱን አስግጎ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ» ይላል። ስንት እንደገዛው እንዳትጠይቁት። ከጠየቃችሁት ፎቃችሁን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

በፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር የእኛ ሰው ክቡር ጋሽ ተሻገር ናቸው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሌሊት ዳውንታውን አንድ የቢሮ ሕንፃ ይጠብቃሉ፤ ቀን ቀን መተኛት ሲገባቸው ኢንተርኔት ላይ የጨረታ መዝጊያ ሰዓት ይጠብቃሉ። ሰፈሩ በሙሉ በአንቱታ ነው የሚጠራቸው። «አንተ ሰውዬ» የምትላቸው ባለቤታቸው ያለምወርቅ ብቻ ናት፤ ከነዕቃዎቻቸው አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው የኖረች እሷ ስለሆነች ማንም አይፈርድባትም።

ጋሽ ተሻገር ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት ንግግሮች አሏቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዕቃ ሲያዩ፣ «ባለቤቱ እኮ ዋጋውን አያውቀውም!» ይላሉ። ታዲያ ምን ይጠብቃሉ፣ ለምን ወዲያው አይገዙትም ሲባሉ ደግሞ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጨረታ በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው» ይላሉ፤ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው የጦር ምክር የሚሰጥ ጄኔራል ይመስላል።

በመጨረሻዋ ደቂቃ ከተገዙት መካከል የጥርስ ሐኪም ወንበር አለ። ሳሎን ተቀመጠ፣ የክብር እንግዳ ወንበርም ሆነ። ፓስተር ባሮክ ቤቱን ሊባርኩ መጥተው እዚያ ላይ ተቀመጡና እግራቸው አንድ ነገር ነካ፤ ወንበሩም ቀስ እያለ ወደ ኋላ አጋደማቸው። ሰውዬው ጨዋ ስለሆኑ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ቤቱን በጀርባቸው ተኝተው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ባረኩት።

ከዚያ ደግሞ አርባ የበረዶ ቡትስ መጣ። ያለምወርቅ ካርቶኑን ስትከፍተው አርባውም የግራ እግር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኙስ?»

«ቀኙ ሌላ ጨረታ ላይ ይወጣል።»

«መቼ?»

«ይወጣል። ባለቤቱ እኮ ዋጋውን አያውቀውም።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኙ አልወጣም።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተበላማ ስድስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪና ተቀመጠበት፣ ቀጥሎ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽን፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ሉል፤ ሉሉ ላይ ኤርትራ ገና አልተገነጠለችም። ያለምወርቅ እራቷን ምድጃው አጠገብ ቆማ ነው የምትበላው። ቁጭ ብትልስ ከማን ጋር ትበላለች? እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የቀን ሺፍት ናት። ጠዋት ስትወጣ እሳቸው ይገባሉ፤ በር ላይ ቁልፍ ተቀባብለው ይለያያሉ። ትዳራቸው የሚካሄደው ፍሪጅ ላይ በሚለጠፉ ወረቀቶች ነው። «ሽሮው ታችኛው ላይ ነው።» «አየሁት።» «ስልክ ክፈል።» «ነገ።» አንድ ቀን እሷ፣ «ናፍቀኸኛል» ብላ ለጥፋ ሄደች። ማታ ስትመለስ ከሥሩ፣ «እኔም። ሽሮው አልቋል» የሚል አገኘች።

ታዲያ በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ተአምር ሆነ። የሁለቱም የእረፍት ፈቃድ ኦገስት ላይ አንድ ላይ ወደቀ። ሁለት ሳምንት፣ ሁለቱም ቀን ነቅተው፣ ሁለቱም ሌሊት ተኝተው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ያለምወርቅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ለማንም ሳትናገር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ ጋሽ ተሻገር ከሥራ ገብተው ጫማቸውን እንኳን ሳያወልቁ በር ላይ ያዟት።

«አለምዬ፣ ቤት አገኘሁ!»

«የት ሰፈር?»

«ሰፈር የለውም፤ የሚጎተት ነው! ትሬይለር። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ከተሠራ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የድሮ ሥራ! ሐይቅ ዳር ወስደን እናቆመዋለን። ባለቤቱ እኮ ...»

«ዋጋውን አያውቀውም። የኛ ኮሮላ አንተን ራስህን ዳገት አታወጣ፣ ቤት ልትጎትት ነው?»

«እሱ በኋላ ይታሰባል።»

«ባስ አለፈኝ፣ ልቀቀኝ።»

ባሱ በእርግጥም አለፋት። ቀጣዩን ስትጠብቅ ግን ስልኳን አውጥታ የላኩላትን ሊንክ ከፈተች። እንቁላል የመሰለ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ ተጎታች ነው። አሥራ ሁለት ፎቶ አለው። ሰባተኛው ላይ ቆመች። መስኮት ሥር አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከወዲህና ከወዲያ አንድ አንድ መቀመጫ። ጠረጴዛዋ ላይ ምንም ነገር የለም። ሁለት ሰሃን ይበቃታል፤ ሉል አይበቃትም፣ የስፌት መኪናም አይበቃትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ቦታ ብሬክ ሲደርስ ያለምወርቅ ሰባተኛዋን ፎቶ ታያለች። ቤት ግን ፊቷን አልፈታችም። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተሻገርን የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አስቀምጣ አስማለቻቸው።

«ሦስት ሺህ ዶላር። ሁለታችንም ለቬኬሽን ያለን እሱ ነው። ከዚያ አንድ ዶላር ካለፈ?»

«እጄን አነሳለሁ።»

«ማል።»

«በሕይወቴ!»

አላመነቻቸውም። ጨረታ ላይ የማሉትን መሐላ ጠብቀው አያውቁም።

የሚመጣውን ለመረዳት ግን ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ጨረታ ማወቅ ያስፈልጋል። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ ሲበላሽባት፣ ወይም የሕንፃዋ ዕዳ፣ ሞርጌጁ፣ ሲከብዳት ጨረታ ታወጣለች። አንድ የግድግዳ ሰዓት ይቀርባል፤ ሁሉም በየተራ ይጨምራል፤ የጨመረ ሰው ዕቃው ለእሱ ባይደርስም የጨመረውን ይሰጣል። እዚያ ዋጋ ማስወደድ ውለታ ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው የሚታማው። አጫራቹ ማን እንደሆነ ገምታችኋል። ጋሽ ተሻገር ማይኩን ይዘው ይንጎራደዳሉ፤ «የሚወድ ይጨምር! የማይወድ ዝም ይበል! ፀጋዬ፣ አትወድም እንዴ?» ይላሉ። የጂፕሰም ሠራተኛው ፀጋዬ ወጣት ነው፣ ይወዳል፤ ሰዓቱን ዘጠኝ መቶ ዶላር አደረሰው።

የትሬይለሩ ጨረታ የሚዘጋው እሁድ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ማስታወቂያ ሲነገር ጋሽ ተሻገር ተነሡ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ጨረታ አለብኝ። ከባለቤቴ ጋር የምናርፍባት ቤት ናት። ሊንኩን በኢሜይል ልኬላችኋለሁ፤ እዩትና አግዙኝ» አሉና ተቀመጡ። በጸሎት ማለታቸው ነበር።

ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ምድር ቤቱ አዳራሽ ምሳ በላ፣ ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ጋሽ ተሻገር ላፕቶፓቸውን ከፍተው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተሰየሙ፤ ያለምወርቅ አጠገባቸው ሆና የወረቀት ሰሃን ትሰበስባለች። ለመዝጊያው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ዋጋው ከመነሻው ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ አልተነቃነቀም።

«ይታይሽ፣ ተጫራች የለም» አሉ በሹክሹክታ። «በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ጊዜ እመታዋለሁ።»

ወዲያው አንድ ሺህ አራት መቶ ሆነ። ከአዳራሹ ጥግ አንድ ሰው «ተባረክ!» አለ።

አንድ ሺህ ስምንት መቶ። «አሜን!»

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» ጋሽ ተሻገር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። የተጫራቾቹ ስም በኮከብ ምልክት ተሸፍኗል። «አንድ ብቻም አይደለም፤ ሦስት ናቸው! ምን አደረግኳቸው?»

ሁለት ሺህ አራት መቶ። «ሃሌሉያ!»

«ጸሎቱ ባይኖርማ ምን እሆን ነበር» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ደረሰ። ጋሽ ተሻገር ሦስት ሺህ ብለው ጻፉ። ገጹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሦስት ሺህ ሃምሳ የሚል መጣ።

ያለምወርቅ ሰሃኖቹን እንደያዘች ባሏን አየቻቸው። ይጨምራሉ ብላ ጠበቀች፤ ጣታቸውን ስትጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አንሥተው በየብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«በቃ» አሉ። «ምያለሁ።»

ፊታቸው ላይ ያየችውን ያለምወርቅ ለማንም አውርታው አታውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሰውዬ ቆጣሪውን ሰዓት ላለማየት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አርባ ሴኮንድ ቀረ። ሠላሳ አምስት። ሰሃኖቹን አስቀመጠችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቁጥሩ የት ነው የሚጻፈው?»

«አለምዬ፣ ሦስት ሺህ ብለን ...»

«የማልከው አንተ ነህ፤ እኔ አልማልኩም። የት ነው?»

«እዚች ጋ። ቆይ፣ አሁን አይደለም! አሁን ብትጽፊ ይጨምሩብሻል። ጠብቂ። ጠብቂ። አሥር ... ሰባት ... አሁን!»

ሦስት ሺህ አንድ መቶ ጻፈችና ኤሌቬተር በምትጠራበት ጣቷ አጥብቃ ተጫነችው። ገጹ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። አሸንፈዋል ይላል።

አዳራሹ በእልልታ ሲናወጥ ፀጋዬ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ተሻገር፣ እንኳን ደስ አለዎት! እኔ ብቻዬን ስድስት ጊዜ ጨምሬልዎታለሁ!»

«ምን አደረግክ?»

«ስድስት ጊዜ ቢድ አደረግኩ። የመጨረሻዋ ሃምሳ የኔ ናት። ባትሪዬ ባይዘጋ ሰባተኛም ነበረኝ።»

«እኔም በልጄ ስልክ ሦስቴ አስጨምሬአለሁ» አሉ እትዬ አዲስአለም ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ለእናንተ ምን ይቆጠባል ብዬ ነው።»

ፓስተር ባሮክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ሁለቴ ብቻ ነው» አሉ።

ጋሽ ተሻገር ወደ ገጹ ዞረው በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ሰፊ አገር ያቺን ቤት የተመኘ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።

«ማን ጨምሩ አላችሁ?»

«እርስዎ ነዎታ!» አለ ፀጋዬ ግራ ገብቶት። «አግዙኝ አላሉም? ‹የሚወድ ይጨምር› ያሉትስ ማን ነው?»

ሁሉም ያለምወርቅን አየ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እትዬ አዲስአለም ሊያጽናኗት ጎንበስ ሲሉ ሳቅ መሆኑን አዩ። ሳቋ እስኪያልቅ ምሳው ተነሣ፣ አዳራሹም ተጠረገ።

ጥፋቱ ሲገባቸው ሁሉም አፈሩ፤ ነገር ግን የጨረታችን ሕግ ያው ሕግ ነው፤ የጨመረ ይሰጣል። ስድስት ጊዜ የጨመረው ፀጋዬ በፒክአፑ ትሬይለሩን ሊጎትት፣ ጣሪያውንም ሊደፍን ቃል ገባ። ሦስት ጊዜ የጨመሩት እትዬ አዲስአለም ለሦስቱ መስኮቶች መጋረጃ ሰፉ፤ የሰፉትም ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው በጋሽ ተሻገር የስፌት መኪና ነው፤ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ስትሠራ የታየችው ያኔ ነው። ፓስተር ባሮክ ሁለት ጎማ አመጡ።

ትሬይለሩን ለማምጣት ከቶሮንቶ ውጭ ወዳለችው ኦሪሊያ ከተማ ሲሄዱ ባለቤቱን አገኟቸው፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሰጥተው የጋሽ ተሻገርን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ። መነሻዋን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ካገኘሁ ይበቃኛል ብለው ነበር፣ ያን እሁድ ዋጋው ሲወጣ ሲወጣ ለልጆቻቸው ሁሉ ደውለዋል።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ተሻገር ወደ ያለምወርቅ ዞረው። «አላልኩሽም? ባለቤቱ ዋጋውን አያውቀውም።»

ኦገስት ላይ ፀጋዬ ሐይቅ ዳር ጎትቶ አደረሳቸውና ተመለሰ። ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ ያለምወርቅ ከሥራቸው አራት ቡትስ ወተፈች፣ አራቱም የግራ። ማምሻውን ዝናብ ጣለ፤ ጣሪያው በአንድ ቦታ ብቻ ያንጠባጥብ ነበር፣ እዚያ ደግሞ አምስተኛውን ቡትስ ደገኑለት። ከዚያ ሁለት ሰሃን አቅርባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እሳቸውም ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ተነካካ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩ ይመስል ሁለቱም ወሬ ጠፋቸው።

«ሽሮው ታችኛው ላይ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አየሁት» አሉ ጋሽ ተሻገር፤ የሁለቱ ሳቅ ከሐይቁ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

እራቱ ሲገባደድ ባሏ ከጠረጴዛው ሥር ስልካቸውን በስርቆት ሲያዩ ያዘቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም።»

«አምጣ፣ አሳየኝ።»

አሳዩአት። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፣ ሁለት መቅዘፊያ ያላት፣ አንደኛው ጎኗ የተፋቀ። ጋሽ ተሻገር ተግሣጹን ለመቀበል አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «እኔ እንኳን ዝም ብዬ ነው፤ ግን ባለቤቱ እኮ ...»

ያለምወርቅ ሁለቱን ሰሃኖች ወደ ጠርዝ ገፋ አድርጋ ስልኩን መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለማንም እንዳትናገር» አለች። «ስንት ደቂቃ ቀረው?»